ስለ እትዬ በረዶ ዕረፍትና ስለ ጥቁሩ ነጥብ

የአንጎል ጥናት ቤተ ሙከራ ሠራተኞች ማኅበር፣ «እትዬ በረዶ» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋዋ ናሙና ቆራጭ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ባለፈው ማክሰኞ ማረፋቸውን የሚያስታውቀው አንገቱን ደፍቶ ነው። ሐዘናችን ጥልቅ ነው፤ ዕፍረታችንም ከሐዘናችን አያንስም።

እትዬ በረዶ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። አብዛኛውን ዘመን በቀዝቃዛው ክፍል ሁለት ሹራብ ደርበው፣ የበረደውን የአንጎል ናሙና ከላይ ወደ ታች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ ሲቆርጡ ኖረዋል። አንዱ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ በተከታዩ ውስጥ ኢንዛይም የተባለው ንጥረ ነገር ይለካል፤ በየአንጎሉ ሽፋን ምን ያህል እንዳለ የሚታወቀው እንዲህ እየተፈራረቀ ነው።

በአራተኛው ዓመት፣ ናሙናው ሳይበርድ በላይኛው ፊቱ ላይ ጥቁር የቀለም ነጥብ ማሳረፍን አስለመዱን። ከበረደ በኋላ ላዩና ታቹ አይለይምና።

በሃያ ሦስተኛው ዓመት የክፍሉ ኃላፊ «ጊዜ ይፈጃል» ብለው ነጥቡን አስቀሩት። በዚያው ወር ኃላፊው ራሳቸው መቁረጫው ላይ ያጣበቁት ናሙና ተገልብጦ ተቀመጠ። እትዬ በረዶ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ተደፍቷል» ቢሉ፣ «አንቺ እጅሽ ይቁረጥ፣ አፍሽ ይረፍ» ተባሉ። እኛም ሳቅን። የታችኛው ሽፋን ልኬት የላይኛው ተብሎ በጥናቱ ታተመ። ስሕተቱ ሲጋለጥ «ቁራጮቹን ያደበላለቀችው እሷ ናት» ተባለ፤ የማኅበሩ አባላትም እያንዳንዳችን ለራሳችን ፈርተን በክሱ ላይ ፈረምን።

ከዚያ ወዲህ እትዬ በረዶ ከቆራጭነት ወርደው ሦስት ዓመት የመስታወት ዕቃ አጠቡ። በኮሪደሩ ሲያልፉ «እትዬ፣ ዛሬስ የጫማሽ ቀኝና ግራው ተለየ?» የሚላቸው ከእኛው አልጠፋም። «ተለይቷል ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው ያልፉ ነበር። ማታ ማታ ተንበርክከን ምሕረት የምንለምነውም እኛው ነን።

ባለፈው ወር ናሙናው የተደፋበት ቀን የሥራ መዝገብ ከመሳቢያ ወጣ። ናሙናውን ማን እንዳጣበቀ በኃላፊው ፊርማ ሰፍሯል፤ ከሥሩ በእትዬ በረዶ የእጅ ጽሑፍ በእርሳስ «ተደፍቷል ብያለሁ። ቁረጪ ተብያለሁ» ይላል። ንጽሕናቸውን የሚገልጸው ደብዳቤ የኃላፊውን ፊርማ ሲጠብቅ፣ እትዬ በረዶ ቀድመውት ሄዱ።

በቀብራቸው ላይ አዛውንት አባታቸው «ልጆቼ፣ ልጄ ምን አጥፍታ ነው ከሥራዋ ያወረዳችኋት?» ብለው ጠየቁን። ለአባታቸውና ለእህታቸው መጽናናትን እየለመንን፣ መልሱን እዚህ እንጽፋለን፦ ምንም አላጠፉም።

አባታቸው ዓይናቸው አያይም። ቤታቸው ሄዶ ይህን የሚያነብላቸው ሰው እንዲመዘገብ ከሰኞ ጀምሮ በቤተ ሙከራው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ለጥፈናል። እስከ ዛሬ አንድም ስም አልሰፈረበትም።