የእትዬ ጽጌሬዳ ቆጣሪ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ዛሬ ተራችን አልነበረም። የመብራት ፈረቃ ከተጀመረ ወዲህ አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ እሱም ከታዘነልን። የስፌት መኪናዋን በእግሬ እየመታሁ ሸሚዝ ስገጣጥም ዋልኩ። ጠርዝ የምትዘመዝመው ኦቨርሎክ ግን ያለ መብራት ባዶ ብረት ናት... ያልተዘመዘመው ጨርቅ ጥግ ላይ ተቆልሎ ያፈጥብኛል።

አመሻሽ ላይ እትዬ ጽጌሬዳ ለአምፖል ቆጠራ መጡ። የግቢያችን ሦስት ቤት የሚጠቀመው ከእሳቸው ቆጣሪ ነው። በር ላይ ቆመው ወደ ጣሪያ አንጋጠጡ።

«ሁለት አምፖል፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ኦቨርሎክ።»

«እትዬ፣ የወሩን ግማሽ እኮ ጨለማ ነበርን።»

«አምፖሉ ተሰቅሏል አይደል?»

ተሰቅሏል። ለተሰቀለ አምፖል ይከፈላል እንዴ? የእሳቸው ፍሪጅ ቀን ከሌት እየጮኸ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ እየሸጡበት! «ሲበዛ ዋጋው ራሱ ሽቅብ ይወጣል፣ እኔ አይደለሁም የማወጣው» ይላሉ። ማን ያምናቸዋል... የፍሪጁን እኛ ነን የምንከፍለው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

መብራት መጣ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ እትዬ ከማዶ ኮምፔርሳቶውን ኳ ኳ አደረጉት። «ፍቅርዬ፣ አጥፊ።» የሚለየን ያቺ ስስ ግድግዳ ናት፤ ብርሃኑ በስንጥቋ ያልፋል። አንድ እጅጌ ቀርቶኝ ነበር። አጠፋሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ እንደ ሕፃን አጥፊ ተኚ እባላለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ሱሀይር ከአብነት ሰፈር ድረስ መጣች። ለሱቋ የተማሪ ዩኒፎርም ታዛለች፤ የአንድ ትምህርት ቤት ሙሉውን ለእኔ ሰጥታኛለች። የተዘጋጀውን አገላብጣ አየች።

«ጠርዙስ?»

«መብራት...»

«ፍቅርአዲስ፣ እወድሻለሁ፣ ግን ነሐሴ መጨረሻ ካልደረሰ መሳለሚያ ጄኔሬተር ያለው ልጅ አለ።»

ይቺ ትእዛዝ ከሄደች ዓመቱን ሙሉ ኪስ መጣፍ ነው። ለይገረም ነገርኩት። ባሌ ታክሲ ውስጥ ውሎ ስለሚመጣ ምንም አያስደነግጠውም። «አንቺ መብራት ስታገኚ፣ እኔ ቤንዚን ሳገኝ... ያኔ እንሠራለን» ብሎ ተኛ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ከመንገዱ ማዶ ጋሼ ሰላሁዲን ዘንድ ሄድኩ። ብርድ ልብስ ያከፋፍላሉ። ማዶ ያለው መስመር ሌላ ነው፤ እኛ ስንጨልም እነሱ ይበራላቸዋል። ከእትዬም ከእሳቸውም ካገኘሁ በየቀኑ እሠራለሁ ማለት ነው።

«ለመኪናሽ እሰጥሻለሁ፣ ካውያ ግን ወላሂ አይሆንም። በወር ቁርጥ ነው፤ ተጠቀምሽ አልተጠቀምሽ።»

ያው ቋንቋ። እሺ አልኩ። ምን ምርጫ አለኝ?

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ገመዱ ከጋሼ ሰላሁዲን በጣሪያ ላይ ተጎተተ። እትዬ ጽጌሬዳ ግቢ መሀል ቆመው ሲያዩ ቆዩ።

«ምነው፣ የኔ መብራት ጠቆረብሽ?»

«እትዬ፣ ለሥራ ነው። አምፖሉ እንዳለ ከእርስዎ ነው።»

የቆጣሪያቸውን የእንጨት ሳጥን በላስቲክ ሸፍነው ቆለፉ። ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው የሚያስሩት። ማታ ግድግዳውን አላንኳኩም። ባያንኳኩ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር... እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ፣ ሰኔ 12

ጋሼ ሰላሁዲን መጋዘናቸውን ዘግተው ሲሄዱ ዘበኛው ሶኬቱን ይነቅላል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ! በቀን ደግሞ ፊውዝ ቢቃጠል «ያንቺ መኪና ነው» ይባላል። ከእጅ አይሻል ዶማ። አሁን ለሁለት ሰው እከፍላለሁ፣ ሁለት ሰው እለማመጣለሁ። የራሴ ቆጣሪ እፈልጋለሁ። በቃ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ መብራት ቢሮ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ወረፋ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«አሁን መብራት ከየት ነው የምታገኙት?»

እኔ ደግሞ ብሶቴ አንገቴ ደርሶ ነበር። ለእትዬ ጽጌሬዳ በአምፖል እንደምንከፍል፣ ሦስት ቤት እንደሆንን፣ ቢጠፋም ቢበራም እንደማይቀንሱልን... የቤት ቁጥሩን ሳይቀር ነገርኩት። ልጁ ይጽፋል። ያዘነልኝ መስሎኝ ነበር።

ክፍያውን ፈጽሜ፣ «ለሌላ ሰው አላጋራም» የሚል ወረቀት ላይ ፈርሜ ወጣሁ። መሳለሚያ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። የሚያስፈርሙኝ እኮ ማጋራት ክልክል ስለሆነ ነው። ታዲያ እሳቸው ሲያጋሩ የኖሩትን... ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ምናልባት አይመጡም። ስንት ሰው ያጋራ የለ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

መጡ። ሁለት ሰዎች፣ መሰላል ይዘው። እትዬ ጽጌሬዳ ሳጥኑን በራሳቸው እጅ ከፈቱላቸው፣ ሻይም ልጋብዛችሁ አሏቸው፤ ንባብ ሊወስዱ የመጡ መስሏቸው። ሰዎቹ ቆጣሪዋን ፈትተው ወሰዷት። ቅጣት አለ፣ ማመልከቻ አለ፣ ወረፋ አለ አሏቸው። የሦስተኛው ቤት ሐጀራ አራስ ናት፤ ልጇን አቅፋ በር ላይ ቆመች። እኔ መርፌ ክር የማስገባ መስዬ አቀርቅሬያለሁ። ክሩ አልገባም።

ፍሪጁ ዝም አለ። እንደዚያ ስረግመው የኖርኩት ድምፅ ሲጠፋ ግቢው ሰው የሞተበት መሰለ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 17

እትዬ ጽጌሬዳ ለስላሳዎቹን ወደ አማኑኤል ወስደው በረከሰ ዋጋ ሸጡ። ልንገራቸው? ምን ብዬ?

እሑድ፣ ሐምሌ 26

ቢሮ የተናገርኩትን ለይገረም ነገርኩት። «ካልጠየቁሽ አትናገሪ» አለኝ። ቆየና ደግሞ፣ «ቢጠይቁሽ ግን እንዳትዋሺ።» ይሄ ምክር ነው?

እትዬ በኩራዝ ነው የሚያመሹት። ጋዙ በስንጥቁ እየገባ ይሸተኛል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12

ቆጣሪዬ ተተከለ። የእኔ፣ በስሜ። ስንት ጊዜ ይቺን ቀን አስቤያለሁ... ይገረም «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲለኝ አለቀስኩ፤ የደስታ መሰለው። የጋሼ ሰላሁዲንን ገመድ አስነቀልኩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 13

ጠዋት እትዬ ጽጌሬዳ ያን የእንጨት ሳጥን ተሸክመው መጡ።

«ዝናብ ይገባባታል፣ በዚህ ሸፍኛት። የኔው ባዶ ተቀምጧል።»

ቁልፉን ከማተባቸው ፈትተው ዘረጉልኝ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ... ቢሮ ሄጄ...»

«ሰዎቹ ነግረውኛል። የዚያኑ ዕለት ነው የነገሩኝ።»

«እና ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? በአንድ ግድግዳ እየኖርን።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንዲት አምፖል ብቻ ነው የምፈልገው፣ ባለ አርባ ሻማ። ዳዊቴን የማይበት። ፍሪጁን ሸጬዋለሁ።»

የፈረምኩት ወረቀት ትዝ አለኝ። ትዝ ቢለኝስ? ከሰዓት በፊት ይገረም ገመዱን በኮምፔርሳቶው ቀዳዳ አሳለፈላቸው። ለሐጀራም እንዲሁ። ገንዘብ አልቀበልም አልኩ። እትዬ ግን «እንደሱ አይባልም፣ ኋላ ትቀየሚያለሽ» አሉኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 29

አስረከብኩ። ሱሀይር አንድ በአንድ ጠርዙን እየጎተተች አየች። «ማሻአላህ» አለች። ለሚመጣውም ዓመት አንቺ ነሽ አለችኝ። ጀርባዬ አልቋል።

ሐሙስ፣ መስከረም 14

ቢል መጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሆነ ልክ ካለፍሽ በኋላ የምትጠቀሚው ሁሉ በውድ ነው የሚታሰበው። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ... ልኩን የምናልፈው ወሩ ሳይጋመስ ነው። እትዬ ስንት ዓመት ሙሉ ነገሩኝ። ውሸታም አድርጌያቸው ኖርኩ። በዚያ ላይ ምንም ባንነካ የምትከፈል አለች፤ የቆጣሪ ኪራይ። ይህንን ሁሉ ለአምፖል ሲያካፍሉት ኖረው ነው ለካ።

ቀኑን ሙሉ ተበሳጨሁ። ሐጀራ ዘንድ ገብቼ ወሬ እያወራሁ ዓይኔ ጣሪያ ላይ ነበር። ሁለተኛ አምፖል ሰቅላለች። አልተናገርኩም፤ ቆጠርኩት ግን።

እራት በልተን ይገረም ጋደም አለ። በስንጥቁ የእትዬ ብርሃን ይታየኛል። ትናንትም እንዲሁ አምሽቷል። ማንበባቸው ነው ወይስ ረስተውት ነው? አንድ መስመር ልስፋ ብል ዓይኔ ከስንጥቁ አልነቀል አለ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ... ተነስቼ ኮምፔርሳቶውን ኳ ኳ አደረግኩት።

«እሺ ፍቅርዬ፣ ማጥፋቴ ነው» አሉ እትዬ ከማዶ፤ ወዲያው፣ ሲጠብቁት እንደነበር።

ጨለመ።

ይገረም ከትራሱ ቀና ብሎ፣ «እትዬ ፍቅርአዲስ፣ የኛንስ ላጥፋው?» አለኝ። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ይዤ ይህን እጽፋለሁ። ሄጄ ያብሩት ልላቸው ነው። በራቸው ላይ ቆሜ ምን ብዬ ነው የምጀምረው?