የየትናየት እርምጃ

ጥር 4
ብርዱ ጉልበቴ ውስጥ አድሯል። የማሲንቆዬን ጭራ ሙጫ ቀባሁ። የልጄ የውባንቺ ልጅ፣ የትናየት፣ ለጥር 9 ዘጠኝ ዓመት ይሞላታል። ምን ልስጣት?
"ጫማ እንዳልገዛልሽ የሚያልቀው አንዱ ብቻ ነው" አልኳት። ግራ እግሯ ያጥራል፣ ታነክሳለች።
"አንተ ሽማግሌ፣ ላንተስ ሥጋ ማን ያኝክልሃል?"
በሳቅ ሞትን።

ጥር 6
አገኘሁት... የእርምጃዋን ዜማ። ግጥም የለው፣ አጭር። ረጅም እግሯን እኔ በማሲንቆ፣ አጭሯን ምሥጋናው በክራር፣ ሳቋን አዝመራው በዋሽንት። ረገጥ... ጎተት። ረገጥ... ጎተት።
ምሥጋናው፣ "አያ ከፋለ፣ ልጅቷን አይከፋትም?"
ቤት በዚሁ ስንሳሳቅ ነው የምንውለው አልኩት። ከኔ በላይ ሊያውቃት?

ጥር 9
ተጫወትንላት። ጎረቤቱ ሞልቷል። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ ተነስቶ በምቱ እያነከሰ ጨፈረ። ሌላውም ተከተለ... ቤቱ ሁሉ አነከሰ። እኔም ሳቅሁ። ዜማው ያምራላ፣ ምን ላድርግ?
የትናየት ጓዳ ገባች።

ጥር 12
ታቦት ሸኝታ ስትመለስ ልጆች ከኋላዋ ያንን ዜማ ያፏጩ ነበር። ስትፈጥን ፈጠኑ። ስትቆም ቆሙ። ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች።
"አባባ፣ ሁለተኛ አትጫወተው። ማርያምን በለኝ።"
"ማርያምን።"
ውባንቺ እራቴን አስቀምጣልኝ ወጣች።

ጥር 20
ገነተ ማርያም ለሰርግ ጠሩን። "ያንን የሚያነክሰውን አደራ" ብለዋል።
ሰው የኔን ዜማ መርጦ ከጠየቀኝ ስንት ዘመኑ? ምሥጋናው፣ "ምለው የለም እንዴ?" አለኝ። ማርያም ታውቀኛለች አልኩት።
ሩቅ ነው። ልጅቷ የት ትሰማኛለች...

ጥር 23
ሰማች። የሙሽራዋ እናት የክርስትና እናቷ ናት፤ ከውባንቺ ጋር ተጠርታ መጥታለች። እንዴት ረሳሁት? ረስቼውስ ነው?
ዜማውን ጀምረን ዳሱ እያነከሰ ሳለ የትናየት ከእናቷ ጉያ ወጥታ መሀል ገባች። ከእውነተኛው አብልጣ አነከሰች። እጇን አንጠልጥላ፣ አፏን አጣማ። ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ግንባሯ ላይ ብር ለጠፉላት። ምሥጋናው ክራሩን አቆመ። አዝመራውም ዋሽንቱን ከአፉ አወረደ። እኔ ብቻ ቀረሁ።
መጣች። አንዱን ብር ከግንባሯ ልጣ፣ በምራቋ አርሳ፣ ግንባሬ ላይ ለጠፈችው። ልክ ለማያውቁት አዝማሪ እንደሚለጠፈው።
"ቀጥል፣ አዝማሪ" አለችኝ።
ቀጠልኩ።