ሳይለሰን የከረመው ግድግዳ

ለባለቤቴ ለትብለጥ፤

እንደምን ከረምሽ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ማን ያመጣልኛል? ስለዚህ የእኔን ልንገርሽ። ደክሞኛል። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ከተለየሽኝ ወዲህ ስምንት ወር አልፎ ዘጠነኛውን ይዘናል፤ ሰኔም ገብቷል። አንቺ ሳለሽ ክረምት የሚገባው በሰማይ በኩል ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚገባው በጓዳ በኩል ኖሯል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ማገዶው፣ ቦዩ፣ የልጆቹ ጫማ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እኔን አስቀድም ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰውና አንድ ፈረስ ነኝ።

ልጆችሽ ደህና ናቸው። ማስተዋል አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ቁመቷ አንቺን ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ትንሿ ብርቄ የፊት ጥርሶቿን አውልቃ ስትስቅ በር የሌለው ቤት ትመስላለች። ዳማው ፈረሳችንም አለ፤ ማርጀቱ ግን ዳገት ላይ ይታወቅበታል። ባጃጅ ቡሬን ከሞላው ወዲህ ሰው በጋሪ መሄድ ትቷል። አሁን የምንጭነው እህልና የቤት ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱም በገበያ ቀን። ማማረሬ አይደለም፤ የቤቱን ነገር ስነግርሽ እንዲገባሽ ብዬ ነው።

ክረምቱን በእጃችን ባለው ልንገጥመው ተነሣን። ብርቄ የምታደርገው ቦት ጫማ የማስተዋል የድሮው ነው፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጎስጉሰንበት ልኳ ሆነ። ለጣሪያው አሸንዳ የተሰነጠቀ ጀሪካን ቀድጄ በሽቦ አሰርኩ፤ ከውሃው ግማሹ በርሜሉ ውስጥ፣ ግማሹ እኔ አንገት ላይ ይወርዳል። ሽሮውን ማስተዋል ራሷ ቆልታ፣ ከክታ፣ ቅመሙን መጥና አዘጋጀችው፤ እኔና ዳማው ወፍጮ ቤት አደረስንላት። ዘንድሮ ሽምብራው ቀንሶ ባቄላው በዝቷል። የሐዋርያት ጾም ስለገባ ቀን በቀን እሱው ነው፤ አንቺ ብትቀምሺው ፊትሽን ታኮሳትሪ ነበር። እኛ ግን አንድም ቀን አላስተረፍንም።

የማገዶውን ነገር ባልነግርሽ ይሻል ነበር። ግን በቅርቡ ወደ አንቺ የመጣ የሰፈር ሰው ሳያወራሽ አይቀርምና ከእኔው ስሚው። እንጨት ተወደደ። ላም የለንም፤ ፈረስ አለን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነውና የዳማውን ፋንድያ ሰብስቤ ኩበት ጠፈጠፍኩ። ግንቦትን ሙሉ አጥሩ ሥር ደርድሬ አደረቅሁት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲያየኝ ብልሃቴ የገረመው መስሎኝ ጭራሽ ደረቴን ነፋሁ። ላነሣው ስል እጄ ላይ ብትንትን አለ፤ ከውስጡ የወጣው የሣር ቁርጥራጭ ብቻ ነው። አንዲት መንገደኛ ባልቴት ቆም ብለው፣ ኧረ አንተው፣ ይኸንንስ መልሰህ ለፈረሱ አብላው ብለውኝ ሄዱ። ማስተዋል ካንቺ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ስትስቅ ቆይታ አለቀሰች። እኔም ሣሩን ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር እሳት ማያያዣ አደረግሁት፤ የሚጣል ነገር የለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን የለፈለፍኩት እሱን ለማዘግየት ነው፤ አመሌን ታውቂዋለሽ። የጓሮውን ግድግዳ ነገር ነው።

በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ጭቃ ማቡካት የእኔ፣ ግድግዳ መለሰን የአንቺ ነበር። ጭዱን ነስንሼ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ስረግጥ፣ አንቺ ዳር ቆመሽ ገና ነው፣ አልቦካም ትይኛለሽ። ሳምንት ሙሉ ውሃ እያጠጣሁ እረግጣለሁ። ሽታው ጎረቤት ሲያስነጥስ ያን ጊዜ ደረሰ ትያለሽ። የደጋዋ ከተማ የፈረስ ቤት ልጅ ነሽ፤ ብርድ ነው ያሳደገሽ። ብርድን በሰኔ ካልቀደሙት በነሐሴ አይለመንም ትይ ነበር። አንድ ዓመት ደግሞ ሰነፍክ ብለሽ አንድ ጭብጥ ጭቃ ጀርባዬ ላይ ለጥፈሽብኝ፣ እኔ ሳላውቅ ጋሪዬን ይዤ ገበያ ዞሬ መጣሁ። ሰው ሁሉ ለምን እንደሚስቅ የገባኝ ቤት ገብቼ ሸሚዜን ሳወልቅ ነው።

አምና የጓሮውን ግድግዳ አሮጌ ጭቃ አራግፈሽ እንደ አዲስ መረግሽው። እኔ ጭቃውን ረግጬ ሥራዬ ሄጄ ነበር። ስመለስ እጅሽን ታጥበሽ በሩ ላይ ተቀምጠሻል። ወገቤን አልሽኝ። ምርጊቱ ይድረቅና ልስኑን ማክሰኞ እጨርሰዋለሁ አልሽ። ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ነበርን። ከዚያ በኋላ ክረምቱን እንዴት እንደተመላለስን አንቺም እኔም እናውቀዋለን፤ አልጽፈውም። ግድግዳው ምርጊቱን እንደተመረገ ቀረ። እኔም የጋሪውን ሸራ ጋረድኩበትና ከረመ።

አንቺን ቀብረን፣ ለቅሶ ደራሹም ተበትኖ፣ ሸራውን ሳነሣ አየሁት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የጣቶችሽ መስመር ነው። ጎን ለጎን እየሆነ፣ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አንዳንዱ ቦታ ላይ የቀለበትሽ ጭረት ሳይቀር ይለያል። ፎቶሽ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመታወቂያው፣ ተቆጥተሽ የተነሣሽው። ይኼ ግን የሥራ ቀን እጅሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ዳማውን ከጋሪው ፈትቼ ወደ ጓሮ እዞራለሁ። ጣቴን በጣትሽ መንገድ ላስገባ እሞክራለሁ። የእኔ ጣት ወፍራም ነው፤ አይገባም። ቢሆንም እቆማለሁ። ማንም የሚያውቅብኝ አይመስለኝም ነበር።

ማስተዋል ከፋሲካ ጀምሮ፣ አባዬ ጭቃ አናቦካም ወይ ስትለኝ ሰበብ አላጣሁም። መጀመሪያ በርበሬው ይቅደም አልኩ። ቀጥዬ ሸራው አለ አልኩ፤ ሸራውን ፀሐይ እንደጨረሰው እያወቅሁ። ከዚያ ደግሞ ጭድ የለም፣ ያለችው ለዳማው ናት፣ እሱ ካልበላ እኛም አንበላም አልኩ። እሱስ እውነት ነበር፤ ዘንድሮ ፈረሱና ግድግዳው በአንድ ጭድ ነው የሚሻሙት። ግን በእውነትም ይዋሻል። እህሉን ከገጠር ያመጣሁለት አንድ ገበሬ ለድካምህ ብሎ ሁለት ኩንታል ሙሉ የጤፍ ጭድ ሲሰጠኝ፣ ከዳማው ማደሪያ ኋላ ደብቄ ዝም አልኩ። ከልጆችሽ ነው የደበቅሁት። ይቅር በይኝ።

ሰኔ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነነፋሱ መጣ። እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ከግድግዳው ግርጌ ምርጊቱ ተገምጦ ወድቆ ማገሩ ወጥቷል። ውሃው ዘልቆ የውስጡን ጭቃ የልጆቹ አልጋ ላይ ጥሎታል፤ ራስጌው በኩል። ብርቄ ደብተሮቿን በቀሚሷ ሸፍና ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ማስተዋል ጭቃውን በእጇ ትዝቃለች። አካፋ ልታመጣ ወደ ዳማው ማደሪያ ሄደች፤ ቆየች። ስትመለስ ቀሚሷ ላይ ጭድ ነበር። አየችኝ። ጭቃውን መዛቋን ቀጠለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አንቺ ብትሆኚ ታወርጂብኝና ይወጣልሽ ነበር።

በማግስቱ እትዬ አንጓች መጡ። አንቺ የእሳቸውን፣ እሳቸው ያንቺን ቤት እየተጋገዛችሁ ስትለስኑ የኖራችሁት ጎረቤትሽ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸውም ቢሆን በምርኩዝ መጡ። ግድግዳውን አዩና፣ ምን ነክቶህ ነው እንዲህ ያደረግኸው አሉኝ። ሰበቤ ሁሉ አለቀብኝ። እጇ ነው፣ እንዴት አድርጌ በጭቃ ልሸፍነው አልኳቸው። ከዚያ ቆጣ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሷ ለጌጥ ብላ የቧጠጠችው መሰለህ? ልስኑ እንዲይዝላት ነው እንጂ። ምርጊት ለስልሶ ከደረቀ ልስን አይቀበልም፤ ተንሸራቶ ይወድቃል። ለማክሰኞ ያሰናዳችው ነው። አንተ ማታ ማታ የምትዳስሰው ያላለቀ ሥራዋን ነው፤ ጨርስላት አሉኝ።

አሥራ ሰባት ዓመት ጭቃ ረግጬ ጋሪዬን ይዤ ስወጣ፣ ከእኔ በኋላ ያለውን አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁትም ነበር። በዚህም አፈርኩ። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ያየኝ እንደነበርም ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ጭቃውን በዳማው መጠለያ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት አቦካነው። ከጭዱ አንዱን ኩንታል ለዳማው፣ ሌላውን ለግድግዳው ለየን። ዳማው ቢሰጠው ሁለቱንም አይጠላም፤ የግድግዳውን ድርሻ ከጭቃ ጋር ስንረግጠው ሲያይ አንገቱን ይሰግግ ነበር። የተበሳሳውን ሸራ ጠጋግነን ግድግዳው ላይ ጋረድነው። ሳምንት ሙሉ እኔም ማስተዋልም ብርቄም ረገጥን። ደክሞኝ ይብቃ ስል ማስተዋል ዳር ቆማ ገና ነው፣ አልቦካም አለችኝ። ድምፅሽን መሰለኝና ዞር ብዬ አየሁ። ለልስኑ የሚሆነውን እበት እትዬ አንጓች ከላማቸው ሰጡን።

ፀሐይ በወጣ ቀን ጀመርን። ወንድ ግድግዳ ሲለስን አይቶ ያለፈ ሁሉ የሚለው አላጣም፤ ኩበት ጠፍጣፊው ወደ ልስን ተዛወረ እያሉ። ይበሉ። ማስተዋል፣ አባዬ አትጫነው፣ ወደ ላይ ሳበው እያለች ታርመኛለች። ልስኑ መስመርሽ ውስጥ እየገባ እንቅ አድርጎ ያዘ፤ እትዬ አንጓች እንዳሉት ነው። ቀለበትሽ የጫረው ቦታ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ማስተዋል አጠገቤ መጣች። ጣቶቿን በጣቶችሽ መንገድ አስገባች፤ ልክክ አሉ። ቆይታ አወጣቻቸውና ቀጥል አለችኝ። ቀጠልኩ። አለቀስኩም፤ አልደብቅሽም፣ መደበቅ በጭዱ በቅቶኛል።

የተገመጠው ግርጌ ጋ ስንደርስ ጭቃው ሊያልቅ ትንሽ ቀረው። የተረፈው የበቃው ለምርጊቱ ብቻ ነው፤ ልስኑ እሱ እስኪደርቅና ሌላ ትንሽ ጭቃ እስኪቦካ ይጠብቃል። እኔ ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ ማስተዋል በርከክ ብላ፣ ማንም ሳይነግራት፣ እርጥቡን ምርጊት በጣቶቿ ከላይ ወደ ታች እየቧጠጠች ነበር።

ሙት ዓመትሽን መስቀል ሲያልፍ እናወጣለን። ድግሱ ትንሽ ነው የሚሆነው፤ ባቄላ የበዛበት ሽሮ ያለበት። ትብለጥ፣ አልረሳሽም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ሌላ ቃል ልስጥሽ። ከእንግዲህ ግንቦት ሲያልቅ ጭድ አልደብቅም፤ ጭቃ ረግጬም ጋሪዬን ይዤ አልወጣም። ዛሬ ማክሰኞ ነው። የግርጌው ምርጊት ደርቋል፤ ልጆቹም ጓሮ ሆነው እየጠሩኝ ነው። ልስኑን ልጨርስልሽ።

ባለቤትሽ፣ ከቡሬ