የሐሙሱን ዳዊት ስለ መዝለልዎ

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ፈትለወርቅ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ እማዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ተመለሰልዎት? የአርባ ምንጭ ሙቀት አልከበደዎትም? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም። የወንድሜን የልደቱን መቃብር የካ ሚካኤል ሄጄ አየሁት። ድንጋዩን አጣመው ተክለውት ነበርና ነቅለው እስኪያቃኑት ድረስ ከአጠገባቸው አልተነሣሁም።

እህቴ ሃይሚ በስልክ የነገረችኝ ግን አንገብግቦኛል። ልጅዎን ከቀበሩ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ዳዊትዎን አይደግሙም አለችኝ። አንድ ሰባኪ ሊያጽናናዎት መጥቶ፣ ሰማንያ ሰባተኛው መዝሙር የማጉረምረም ቃል ነው፣ ሐዘንተኛ ሲደግመው ኃጢአት ይሆንበታል ብሎዎት፣ እሱን ላለመንካት የቀኑን ድርሻ በሙሉ ትተውታል። ስድሳ ዓመት የደገሙትን። ደሜ ፈላ። ማጽናናት ያልቻለ ሰው ዝም ማለት ምን ያቅተዋል?

አልዋሽዎትም፣ እኔም ዕብራይስጥ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን በዚሁ መዝሙር ተሳስቻለሁ። ማጽናኛ ሳይኖረው ነው የሚያልቀው፤ በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል ጨለማ ነው። ያ አላስችለኝ ብሎ የሚቀጥለውን የምስጋና መዝሙር ጎትቼ ቀጠልኩበትና ብርሃን መጣ ብዬ አስተማርኩ። አባቱን በቅርቡ የቀበረ ዋቅቶላ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣና፣ መምህር፣ ሰውየው ልቅሶውን ሳይጨርስ እርስዎን ምን አስቸኮለዎት አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ መዝሙር አልቀጠልኩበትም።

ያም ሆኖ በራሴ ብቻ እንዳልታመን ባለፈው እሑድ እንጦጦ ራጉኤል ወጥቼ መርጌታ ወልደ ሐዋርያትን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። አባቶች ሳያዩት ያለፉት መሰለህ? የሚያሳፍር ቢሆን ብራና ያባክኑበት ነበር? እናትህስ ሐሙስን ዘልለው ወደ ዓርብ በምን ተሻገሩ? አሉኝ።

እንግዲህ ፍቺው ይህ ነው እማዬ። ማጉረምረም ከኋላ ሆኖ ማማት ነው። የመዝሙሩ ሰው ግን ፊት ለፊት ቆሞ አቤት ብሏል። አቤቱታ የሚቀርበው ዳኛ አለ ተብሎ ነው፤ ተስፋ የቆረጠማ በማን ደጅ ይጮኻል? ስለዚህ ፈጣሪን፣ ልደቱን ለምን ወሰድክብኝ ይበሉት፤ ቃሉን አያለስልሱለት። መልሱ ዘገየ ብለውም ራስዎን አይውቀሱ። በዚህ አልጠራጠርም።

የሃይሚን ባል ገላውን ሰላም ይበሉልኝ፤ ትንሿን ልጃቸውን አያንቱን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለጎረቤትዎ ለእማማ ታደለችም እጅ ነሥቻለሁ። ይህን የምታነቢላቸው ሃይሚ፣ ላንቺ ደግሞ አደራ አለኝ፤ ሰባኪው ሐሙስ ብቅ ካለ፣ እናቴ ከፈጣሪያቸው ጋር ጉዳይ ይዘዋል፣ ዓርብ ይመለሱ በይው።

ልጅዎ ሰሎሞን
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.