የእታለም ድምፅ፣ የኔ እጅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ደክሞኛል። ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ ሁለት የስፌት ማሽን ተበላሽቶ የሁለቱንም ጥገና እኔው ላይ ጣሉት። የሌላው ሰው እጅ ምን ሆኖ ነው?... ቤት ስገባ የልጆቼ እናት መኝታ ቤት ያለው የሙዚቃ መቅጃ ሚክሰሬ ላይ ካልሲ አስጥታለች። ሙቀት ስላለው ቶሎ ያደርቃል አለችኝ። ምን ይባላል? ካልሲውን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ቆይ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛዬ፣ ቤዝ የሚጫወተው። "ቆይ" ከአፉ ስለማይጠፋ ስሙ ሆኖ ቀረ። ሲጫወትም ያው ነው፣ ከድራሙ ትንሽ ወደኋላ ይላል። ለሬጌ ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው። አልጋው ላይ አስቀምጬ ቤዙን ቀዳሁለት። የላይኛው ፎቅ ሴትዮ ወለሏን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። "ምቱን ስታዋለች" አለ ቆይ።

እሑድ፣ ጥቅምት 11

ወዳጃችን እታለም መጣች። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት በቀዶ ጥገና ይውጣ ተብሏል፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ። የድምፅ ነርቭ አጠገቡ ስለሆነ ሊነካ ይችላል ብሏታል ሐኪሙ። ሊነካ ይችላል ማለት ምን ማለት ነው?... መናኸሪያ ውስጥ ማይክ ይዛ መንገደኛ የምትጠራ ሴት እኮ ናት። እንጀራዋ ድምጿ ነው። ፈራሁ። እሷ ግን ስለ ሐኪሙ ጫማ ታወራለች።

ራሷ የጻፈቻት አንዲት ዘፈን አለች። ሳይነካ በፊት ቅዳልኝ አለች።

"ግን እንደ ልማድህ እንዳትቆራርጠኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሙሉዬን።"

ልማዴ ደብ ነዋ። ከዘፈኑ ላይ ድምፁን እየነጠቁ ድራምና ቤዙን ማስቀረት፣ ከዚያ አንዲት ቃል አስገብቶ በኢኮ እየተደጋገመች እንድትጠፋ መልቀቅ። የልጆቼ እናት፣ መብራት የሚመጣና የሚሄድ ይመስላል ትለኛለች።

ድምጿ ክፍሉ ውስጥ እንዳያስተጋባ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ልብሱ ፊት አቆምኳት።

በሩ ክፍት ነው፣ ቦታውም አልሞላ፣
ማነው የቀረብኝ ቆሞ ከኋላ?

በአንድ ጊዜ ጨረሰችው። አለቀስኩ። ገመድ የማስተካክል መስዬ ዞር አልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

ምን ዓይነት ጉድ ነው የሠራሁት?

የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ጠዋት ገባሁ። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እናታቸው ሥራ። መተኛት ነበረብኝ። ቤቱ ጭር ሲል ጊዜ አሳሳኝ... ያለኝ የኢኮ ማሽን አንድ ነው፣ እሱንም በኋላ ለድራሙ እፈልገዋለሁ። ስለዚህ የእታለምን ድምፅ ከወዲሁ ትንሽ ኢኮ አስነክቼ ቴፑ ላይ ካሉት አራት የመቅጃ መስመሮች ወደ ባዶው አራተኛ ትራክ ላሻግር፣ እሷ በነበረችበት ላይ ደግሞ ኦርጋን ልቅዳ አልኩ። ጥሩ ሐሳብ ነበር።

ዓይኔ እየተከደነ፣ ላሻግራት የቴፑ ክር ሲዞር እጄ የለመደውን ሠራ። ግማሽ ስንኝ ስትል ዘጋኋት፣ ኢኮውን ለቀቅኩ። ከፈትኩ። ዘጋሁ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ከዚያ ቀጥ ብዬ ሄጄ በድሮው ትራክ ላይ ኦርጋኑን ቀዳሁበት። ሙሉዋ እታለም ያለችው እዚያ ላይ ብቻ ነበር።

መልሼ ስሰማው "በሩ ክፍት... ፍት... ፍት..." ይላል። ይኼን እጅ ቆርጬ ብጥለው ደስታዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

አልነገርኳትም። ነገ ስትመጣ እንደገና እንቀዳለን። ምን ችግር አለው? ጊዜ አለ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ጊዜ የለም። ቦታ ተገኘ ብለው ትናንት ሆስፒታል አስገቧት። ቀዶ ጥገናው ነገ ነው።

ስሄድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነርሶቹን ታስቃለች። "እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንግዲህ ጆሮ ደግፉ ብቻ ነው የቀረኝ" ትላቸዋለች። ሲወጡ እጄን ያዘችኝ።

"ያቺ ነገር ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ልበላት? በዚህ ሰዓት ይነገራል?... ውሸታም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

በሰላም ወጣች፣ ተመስገን። ድምጿ ግን... ሹክሹክታ ነው። ሐኪሙ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ይላል።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ሥራ ጀምራለች። ማይኩን ለሌላ ሴት ሰጥተው እሷን ትኬት መሸጫ መስኮት አስገቧት። ሒሳቡን በጣቴ ነው የማሳያቸው ብላ ትስቃለች። ሳቋም አየር ብቻ ነው።

ክሩን አሰማኝ አለች። የቴፑ ማሽን ቀበቶ ተበጥሷል አልኳት።

ማታ ቆይ ፀጉሬን ሲያስተካክለኝ ጉዱን ሁሉ ነገርኩት። መቀሱን አቁሞ "ንገራት" አለኝ። ቆይ እንኳን ቆይ አላለም።

እሑድ፣ ኅዳር 23

አሰማኋት።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። "ፍት... ፍት..." ሲል ፈገግታዋ ጠፋ። እስከ መጨረሻው ግን ጠበቀች፤ ሙሉው በኋላ የሚመጣ መስሏት ነው። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሆስፒታል የዋሸኋትንም ቀበቶውንም ጭምር። እንድትጮህብኝ፣ እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። በምን ድምጿ? ጠጋ ብላ ጆሮዬ ላይ ተናገረች።

"ይኼ እኔ አይደለሁም። ያንተ እጅ ነው።"

ኮቷን ይዛ ወጣች። የልጆቼ እናት ተከትላት ወረደች። እኔ ተነሥቼ መሸኘት እንኳን አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

ስደውል አታነሳም። ፋብሪካ ውስጥ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ይገባኛል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

ሳትደውል መጣች። በሩን የከፈተችላት የልጆቼ እናት ናት። ደህና ዋልክም ሳትለኝ መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች።

"ቅዳኝ።"

ድምጿ ትንሽ ተመልሷል። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ጫፉ ላይ የሚበጠስ። ኦርጋኑን ላጥፋና እዚያ ላይ ልቅዳሽ አልኳት። ቁርጥራጭም ቢሆን የድሮው ድምጿ ይቀመጥ ብዬ ነው። ከዚያ ሌላ የላትማ! እምቢ አለች።

"ቁርጥራጩ ላይ ቅዳ።"

"እታለም፣ ይጠፋል እኮ።"

"ይጥፋ። አንተ ብቻ እጅህን ኪስህ ክተት።"

የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ ተጭኜ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዘፈነች። እሷ ስንኝ በዘፈነች ቁጥር የድሮዋ ከሥር እየጠፋች ነው... ይኼን እያወቁ ቆሞ ማየት ከባድ ነው። "ከኋላ" የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅ አልወጣትም። አፏ ብቻ ተንቀሳቀሰ፣ ቤዙ ብቻውን ሄደ። ቀጣዩን ስንኝ ይዛ ገባች።

መልሰን ሰማነው። ያ ክፍተት ላይ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ትንሽ ኢኮ ብለቅበት ይሸፈን ነበር። ጣቶቼ ኪሴ ውስጥ ተንቀሳቀሱ። አላወጣኋቸውም።

ሲያልቅ "አሁን እኔ ነኝ" አለች።

ክሩን ከነጥቅልሉ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች። ማጫወቻ ማሽን እንኳን የላትም። እጄ እንዳይደርስበት ነው የወሰደችው። ደግ አደረገች።