የመኪናዬ መሪ ዝም ያለ ዕለት

ዓለም ከተማ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ፈጣሪ ይመስገን፣ የጭነት መኪናዬ መሪ ዝም አለ። የመሪውን የዘይት ፓምፕ በአዲስ ከቀየርኩ ወዲህ ጭራሽ ብሶበት በየመታጠፊያው ያቃስት ነበር። ብልሹ ዕቃ ሸጠልኝ ብዬ ነጋዴውን ስረግም ሰነበትኩ።

ዛሬ ጠዋት የዘይቱን ክዳን ስከፍት ባለቤቴ አስካለ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ይሄማ እንዳልሰከነ ጠላ አረፋ ብቻ ነው» አለች። ጠላ ሻጭ ናትና አረፋ ታውቃለች። እውነትም ዘይቱን ሞልቼ፣ ውስጡ የቀረውን አየር ሳላስወጣ ነበር የነዳሁት፤ ለካ የሚያቃስተው እሱ ኖሯል። ሞተሩን አስነስቼ፣ ክዳኑን እንደከፈትኩ፣ አረፋው እስኪጠፋ መሪውን ቀስ እያልኩ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ አመላለስኩት።

ከሰዓት የነፍስ አባታችንን መምሬ ወልዴን አሳፍሬ ወደ ጀማ ወንዝ ወረድኩ። እሳቸው መሪው ባቃሰተ ቁጥር «እግዚኦ» ማለት ልማዳቸው ነው። ዛሬም ገና መታጠፊያውን ሲያዩ «እግዚኦ» አሉ፤ መሪው ግን ጭጭ። በሁለተኛውም እንዲሁ። ዞር ብለው አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ ተቀባይ አሳጣኸኝ» አሉ።

ወንዙ ድረስ እየሳቅን ወረድን። በመጨረሻው መታጠፊያ እኔው አቃስቼ ተቀበልኳቸው።