ፈንጂና የሳልሳ ጣሳ

ሰኞ፣ ጥር 8፣ ከሰዓት
መብራት ዛሬም ሁለቴ ጠፋ። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ቀኑ አለቀ። ያም ሆኖ ፕሮግራሜ ይሠራል። ካሜራው ዕቃውን ያያል፤ ፕሮግራሙ ቅርጹን ከየአቅጣጫው ቀድሜ ካስገባኋቸው ቅርጾች ጋር ያስተያይና በጣም የሚመስለውን ስም ይሰጠዋል። ስኒ፣ ጫማ፣ የቲማቲም ሳልሳ ጣሳ። አልሳተም። ማስታወሻዬ፣ ደስ ብሎኛል። አለቃዬ አቶ ኪዳነ ለሳምንት እንግዶች ጠርተዋል። ፈንጂ ይለያል ብለው።

ረቡዕ፣ ጥር 10
ባለቤቴ ተኽለ ፈንጂ አምካኝ ነው። ባሩዳቸው የወጣ ባዶ የፈንጂ ቀፎዎች በከረጢት ይዞ ከቃሓውታ ሰፈር በታክሲ መጣ። ሾፌሩ አለማወቁ በጀ። ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም ለየ። አቶ ኪዳነ አጨበጨቡ። ተኽለ ግን ከግቢው አፈር አምጥቶ አንዱን እስከ ወገቡ ቀበረው። መስክ ላይ የምናገኘው እንዲህ ነው አለ። ስክሪኑ ላይ ምን ወጣ? የሳልሳ ጣሳ።

ዓርብ፣ ጥር 12
የሚታየውን ጎን ብቻ እንዲያስተያይ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት። አሁን ደግሞ ድንጋዩን ሁሉ ፈንጂ ይላል። መስፈርቱን ሳጠብቀው ፈንጂው ያመልጣል፣ ሳላላው ድንጋይ ይገባል። ተናድጃለሁ። ራት አላሰኘኝም። አቶ ኪዳነ አፈሩን ተዪው፣ ጠረጴዛ ላይ ብቻ አሳዪ አሉኝ። እንግዶቹ ካመኑ አዲስ ኮምፒውተር ይሰጡናል።
ተኽለን ምን ይመስልሃል አልኩት።
«አዲሶቹ አምካኝ ልጆች ማሽኑን ያምኑታል» አለ። ደግሞም፣ «ሲደክመኝ እኔም አምነው ይሆናል።»

ሰኞ፣ ጥር 15፣ ማታ
እንግዶቹ መጡ። ስኒ፣ ጫማ፣ ፈንጂ። ጭብጨባ። አፈር የሞላ ሳህን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቼ ቀፎውን ቀበርኩት። ፕሮግራሙ ጣሳ ነው አለ። አንዲት ሸበቶ እንግዳ መቼ ይስተካከላል ብላ ጠየቀች። አላውቅም አልኳት። ጻፈችው።
ሲወጡ አቶ ኪዳነ በሩን ዘጉ።
«ጓለይ፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»
ልጄ ነበር ያሉኝ፣ ተቆጥተውም። አንገቴን ደፋሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም። ኮምፒውተሩም ቀረ።

ማክሰኞ፣ ጥር 16
ጠረጴዛ ላይ የተነሣ ሥዕል አይበቃም። ፈንጂ መሬት ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ ሄጄ ማየት አለብኝ፤ ካሜራውን ይዤ። ተኽለ እምቢ አለ። ጮኸ እንኳ። ሻሂውን ሳይጨርስ ወጣ። ሲመለስ፣ ሐሙስ ወደ መስክ የሚሄድ ማኪና አለ፣ እኔ በረገጥኩት ላይ ብቻ ትረግጫለሽ አለኝ። እወ፣ እሺ አልኩት።